10 ጊጋዬን ማን በላው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቼ ነው የምኖረው። የትርጉም ሥራ ከቤት ሆኜ እሠራለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት የዙም ስብሰባ አለኝ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው፤ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኬ በሆትስፖት ነው። ባለፈው ወር 10 ጊጋ ወርሃዊ ፓኬጅ ገዛሁና በአራት ቀን አለቀ። ፊልም አላየሁ፣ ምን አላደረግሁ! ያለገደብ የሚባለውን ልግዛ? ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም የቱ ይሻለኛል? አክስቴ ከዱባይ ያመጣችልኝ ትንሽዬ የኪስ ዋይፋይም አለችኝ። ሲም ስከትባት ትበራለች እንጂ ኢንተርኔት አትሰጥም።

ምላሽ፦ ሰላም እህቴ። ፓኬጁን ለጊዜው ተይውና መጀመሪያ ላፕቶፑን እንየው። 10 ጊጋ በአራት ቀን ያለቀበት ሰው 20 ጊጋ ቢገዛ በስምንት ቀን ነው የሚያልቅበት። ያለገደብ ብትገዢም የሚበላው ነገር አይጠፋም፤ ከዓይንሽ ይሰወራል እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ከሲም ካርድ ጋር ያደገ ዕቃ ነው። ዳታ ገንዘብ መሆኑን ያውቃል። ትልቅ አፕዴት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ «ዋይፋይ እስክታገኚ ልጠብቅ» ይላል። ላፕቶፕ ግን ያደገው በዋይፋይ ነው። የስልክሽን ሆትስፖት ሲያይ የቢሮ ዋይፋይ ይመስለዋል። ከኋላው የሚቆጥር ሲም እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ድግስ ቤት እንደገባ እንግዳ ያለ ይሉኝታ ያነሳል። አፕዴቱን ያወርዳል፣ ፋይሎችሽን ወደ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ይጭናል፣ ቴሌግራሙም በጎን ሥራውን ይሠራል።

ስለ ቴሌግራም አንድ ነገር ላጫውትሽ። በቅርቡ አንድ ልጅ «ሰው ዋይፋዬን እየሰረቀኝ ነው» ብሎ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ ቀይሯል። የዳታ አጠቃቀሙን ከፍተን ስናይ ከላይ የተቀመጠው ቴሌግራም ነው። «እኔ እኮ በላፕቶፕ ቴሌግራም ቻት ብቻ ነው የማደርገው» አለ። ከፈትነው። ወደ 60 የሚጠጉ ቻናሎች አሉት፤ ዜናው፣ የሥራ ማስታወቂያው፣ የጫማ ሻጩ፣ የመዝሙሩ። አንዱን ከፍቼ ወደ ላይ ሄድኩ። ቪዲዮዎቹ ላይ የምትታየዋ የማውረጃ ቀስት የለችም። ከፈት እያደረገ ባለፈ ቁጥር ሁሉም ወርደው ተቀምጠዋል። አንዱንም አላየውም። ሌባው ራሱ የከፈተው ቻናል ነበር።

ያንቺንም እንዲሁ ማየት ትችያለሽ። ሴቲንግስ ውስጥ ግቢ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዳታ ዩሴጅ። ያለፉት 30 ቀናት የበላው ሁሉ በፕሮግራም ስም ተዘርዝሮ ይመጣል። ከላይ በኩል የሆትስፖትሽን ስም ምረጪ። ክሮም ቢበዛ አይግረምሽ፤ የምትሠሪው በእሱ ነው። ሲስተም የሚል ስም ጊጋዎች ይዞ ካየሽ ግን እሱ በአብዛኛው የዊንዶውስ አፕዴት ነው።

ማይክሮሶፍት ዋናውን ወርሃዊ አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ በእኛ ምሽት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይውላል። አንቺ ሥራ ጨርሰሽ ላፕቶፑን ክፍት ትተሽ ቡና ስታፈይ ማለት ነው። አንዱ አፕዴት ብዙ መቶ ሜጋ ባይት ይሆናል፣ ከ1 ጊጋ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ፓኬጅሽን የገዛሽበትን ቀን አስታውሺና ካላንደር ላይ አስተያዪው፤ ከማክሰኞዋ ጋር ተገጣጥሞ እንዳይሆን።

መድኃኒቱ አንዲት ማብሪያ ናት። ሆትስፖቱ እንደተገናኘ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ የሆትስፖትሽን ፕሮፐርቲስ ክፈቺ። «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሪው። ይህ ለላፕቶፑ «ይህ ኢንተርኔት ይቆጠራል» ብሎ መንገር ነው። አብዛኛው አፕዴት ይቆማል፣ ዋንድራይቭም ማመሳሰሉን ያቆማል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ይህ የሚሠራው ለዚያ የሆትስፖት ስም ብቻ ነው። ስልክ ከቀየርሽ ወይም የሆትስፖቱን ስም ከለወጥሽ እንደገና ማብራት አለብሽ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ውስጥ «አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» አለ። ለግል፣ ለግሩፕና ለቻናል ለየብቻ ነው። የግሉን ብትተዪውም የቻናሉንና የግሩፑን አጥፊው።

አፕዴቱን ግን ለዘላለም አትከልክይው፤ የደኅንነት ነገር ነው። በወር አንድ ጊዜ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይዘሽው ሂጂና ይጥገብ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሰፈርሽ በእግር ይደረሳል። ዋይፋይ ያለው ካፌም ይሆናል። እዚያ እያለሽ ባንክሽን አትክፈቺ እንጂ አፕዴት ማውረድ ችግር የለውም።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቁጥር ብቻ ያዢ፦ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚወስድ ነገር ለአንድ ሰዓት ከሄደ 450 ሜጋ ባይት ይበላል። 3600 ሰከንድ ለ8 ሲካፈል ማለት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ። ይህችን ከያዝሽ ማንም አያታልልሽም።

ዙም ለሁለት ሰው ጥሩ ቪዲዮ በሰከንድ ወደ 600 ኪሎ ቢት ይወስዳል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ይልካል። አንድ ላይ 1.2 ሜጋ ቢት። በሰዓት 540 ሜጋ ባይት ማለት ነው። ጥራቱ ወደ 720ፒ ከፍ ካለ እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት ከ1 ጊጋ ያልፋል። ያንቺ ስብሰባ በወር 13 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ7 እስከ 14 ጊጋ። ዙም ውስጥ ቪዲዮ ሴቲንግ ላይ ኤችዲ የሚለውን ካጠፋሽ ወደ 7 ትጠጊያለሽ። በድምፅ ብቻ ብትሆኚ ደግሞ በሰዓት 70 ሜጋ አካባቢ ነው፤ የወሩ ሁሉ 1 ጊጋ አይሞላም። ልብ በይ፣ የራስሽን ካሜራ ማጥፋት የምትልኪውን ነው የሚቀንሰው። የሚመጣውን የሌሎቹን ፊት አይቀንስም። ለእሱ ስብሰባው ውስጥ «ስቶፕ ኢንካሚንግ ቪዲዮ» የሚል አለ። አለቃሽ ፊትሽን ማየት ከፈለገ የአንቺን ካሜራ አብሪ፣ የእነሱን ቪዲዮ አጥፊ። አያውቁብሽም።

የትርጉም ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ጽሑፍ ምን ይመዝናል? ድረ ገጾቹ ናቸው የሚከብዱት። አንድ ገጽ በአማካይ 3 ሜጋ ባይት ነው ብለን ብንይዝና በቀን 60 ገጽ ብትከፍቺ 180 ሜጋ። በ26 የሥራ ቀን 5 ጊጋ ላይ እንድረስ። ለቀረው ጥቃቅን ነገር 3 ጊጋ እንጨምር። ዙሙን 10 ብለን ብንይዘው ጠቅላላ 18 ነው። ትንሽ መተንፈሻ ሲታከልበት 25 ጊጋ ይበቃሻል። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ዩቲዩብ በ480ፒ ካየሽ ግን በሰዓት 450 ሜጋ ያህል ያዢለት። በወር 13 ጊጋ ይሆናል። እሱን እንደ ሥራ ወጪ አትቁጠሪው።

እንግዲህ ፓኬጅ። ዋጋ አልጠቅስልሽም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይለወጣል። ቴሌብር ወይም የሳፋሪኮም አፕ ላይ ከፍተሽ የዛሬውን እዪ። ብሩን ለጊጋው አካፍዪው። የምታወዳድሪው በዚያ ቁጥር ነው። ስታካፍዪ ሦስት ዓይነት ፓኬጅ ከዝርዝሩ ሰርዢ። የሌሊት የሚባለው፣ አንቺ በምትተኚበት ሰዓት ነው የሚሠራው። የሶሻል የሚባለው፣ ለተወሰኑ መተግበሪያዎች ብቻ ስለሆነ ዙምም ኢሜይልም አይከፍትልሽም። የድምፅ ደቂቃ የተቀላቀለበትም አለ፤ የማትደውዪበትን ደቂቃ አብረሽ ትከፍያለሽ። እነዚህን ስታወጪ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው።

ወርሃዊና ሳምንታዊ? ሥራሽ ቋሚ ስለሆነ ወርሃዊ። የመጀመሪያውን ወር ግን ሳምንታዊ ግዢ። ሚተርድ ኮኔክሽኑን ካበራሽ በኋላ በሳምንት ስንት እንደምትበዪ አይተሽ በአራት አባዢው። የእኔን 25 ሳይሆን የራስሽን ቁጥር እመኚ።

«ያለገደብ» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ጊዜ መጠኑ አይቆምም ማለት ነው እንጂ ፍጥነቱ አይቀንስም ማለት አይደለም። ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ የሚወርድባቸው አሉ። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ጠይቂ፦ ከስንት ጊጋ በኋላ? ወደ ስንት ይወርዳል? ወደ 1 ሜጋ ቢት ከወረደ ኢሜይሉም ትርጉሙም ይሄዳል፣ ዙም ቪዲዮ ግን ይንገዳገዳል። ሦስተኛም አለ፦ በሆትስፖት ማጋራት ይፈቀዳል ወይ? ለስልክ ብቻ የታሰበ ፓኬጅ ገዝተሽ ላፕቶፑ ላይ ቢቆምብሽ ብርሽ ሄደ። የኢትዮ ቴሌኮም መረጃ 994 ነው፣ የሳፋሪኮም 700። ደውዪ። በእኔ ግምት 25 ጊጋ ለሚበቃው ሰው ያለገደብ ቅንጦት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ የምትካፈሉት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ያዋጣል።

ደግሞ ፓኬጁ ሲያልቅ ሲሙ ላይ ካርድ ካለ በቀጥታ ከካርዱ መብላት ሊጀምር ይችላል። ያውም በውድ ዋጋ። ስልክ ቢሆን ዝግ ይላል፤ ላፕቶፕ ግን መቶ ብር በስንት ደቂቃ እንደሚጨርስ አይተሽ አታውቂም። እኔ አይቻለሁ፣ የራሴን። መልእክቱ «ፓኬጅዎ አልቋል» ብሎ ሲገባ ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ሳሎን ነበር፣ እኔ መኝታ ቤት ፋይል እያወረድኩ። ስለዚህ የኢንተርኔቱ ሲም ላይ ካርድ አትሙዪ። ፓኬጁን ከቴሌብር ወይም ከኤምፔሳ በቀጥታ ግዢው። ሲሙ ላይ ሳንቲም ከሌለ የሚበላው የለም፤ ዝም ብሎ ይቋረጣል፣ አንቺም ታውቂያለሽ።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ላልሽው፣ እኔ አልመርጥልሽም። የምትመርጥልሽ ጠረጴዛሽ ናት። እስከ 2022 እኤአ ድረስ ጥያቄው ራሱ አልነበረም፤ አንድ ነው የነበረው። በዚያ ዓመት በፈረንጆቹ ኦክቶበር ወር ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ለመገናኛ ሰፈር የሠራ ለግንፍሌ አይሠራም። ግንፍሌ ወንዙ ዳር ዝቅ ብሎ ያለ ሰፈር ነው፣ ዙሪያው ከፍ ያለ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ሲሚንቶና ብረት ነው። ሳሎን መስኮቱ ጋ አራት መስመር የሚያሳይ ስልክ ኮሪደር ላይ አንድ ይሆናል።

መስመሩ ሞልቶም ገጹ የማይከፈትበት ጊዜ አለ። ሰው ይናደዳል፤ «ኔትወርኩ ፉል ነው እኮ!» ይላል። መስመሩ የሚያሳየው ታክሲው ደጅሽ መቆሙን ነው። ውስጡ ይሙላ አይሙላ አያሳይም። አጠገብሽ ያለው አራት ኪሎ ቀን ቀን ቢሮና ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ማታ ደግሞ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ይከፍታል። አንድ አንቴና የሚሰጠውን ለሁሉም ያካፍላል። ስለዚህ አፈታተኑ እንዲህ ነው። ሁለተኛውን ሲም ከጎረቤት ተበደሪ ወይም አውጪ፤ ለማውጣት መታወቂያ ይዘሽ ነው የምትሄጂው። በሁለቱም የአንድ ቀን ፓኬጅ ግዢ። ጠረጴዛሽ ላይ ቁጭ በይ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት የኢንተርኔቱን ፍጥነት በስፒድ ቴስት ለኪ። ሥራሽ በቀን ከሆነ የማታውን አትፍሪው። የማውረጃውን ፍጥነት ብቻ አትዪ። ለዙም የመጫኛው ፍጥነትና ፒንግ የሚባለው (ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ይበልጣሉ። መጫኛው 3 ሜጋ ቢት ካለ፣ ፒንጉም ከ100 ሚሊ ሰከንድ በታች ረግቶ ከቆየ፣ ለአንቺ ይበቃል። 60 ሜጋ ቢት እያሳየ ፒንጉ ከ40 ወደ 400 የሚዘል መስመር ስብሰባ ላይ ያሳፍርሻል። መለኪያው ራሱ ዳታ እንደሚበላም አትርሺ። ፈጣን መስመር ላይ አንዱ ልኬት 100 ሜጋ ሊወስድ ይችላል። ለመዝናናት አትለኪ።

5ጂ የሚባለውን ተይው። ለዙምና ለጽሑፍ ጥሩ 4ጂ ይተርፋል።

አሁን ዕቃው። ሞደም አትግዢ፣ ቢያንስ አሁን። ስልክሽን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ አገናኚና ሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሪ። ከዋይፋይ ሆትስፖት የተሻለ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሁሉም ጎረቤት ዋይፋይ አየሩን ይሻማል፤ ገመዱ ውስጥ ጎረቤት የለም። ስልኩም ከላፕቶፑ ቻርጅ ያደርጋል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ሥራሽ ይቀጥላል። ላፕቶፑ ይህን እንደ ኬብል ኢንተርኔት ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ኢተርኔት በሚለው በኩል ገብተሽ ሚተርዱን እንደገና አብሪው። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጪው፣ ፀሐይ ግን እንዳያገኘው። ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል።

የአክስትሽ ዋይፋይ ላይ ሦስት ነገር እዪ። መጀመሪያ ሲሙን ስልክ ውስጥ ክተቺና ፒን ኮድ ይጠይቅ እንደሆነ ተመልከቺ። የሚጠይቅ ከሆነ አጥፊው። ትንሿ ዕቃ ራሷ ላይ ፒኑን የምታስገቢበት ቁልፍ ስለሌላት ትበራለች እንጂ አትገናኝም። ያንቺ ችግር ይሄ ቢሆን አይገርመኝም። ሁለተኛ፣ ከጀርባዋ ወይም ባትሪዋ ሥር የተጻፈውን በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ብሮውዘር ላይ ጽፈሽ ግቢ። «አንሎክ ኮድ» ብላ ከጠየቀችሽ ለዱባዩ ድርጅት የተቆለፈች ናት። ሦስተኛ፣ እዚያው ገጽ ላይ ኤፒኤን (ሲሙ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት ስም) የሚባለው ቦታ ባዶ ከሆነ ወይም የዱባዩ ከተጻፈበት፣ ስልክሽ ላይ ያለውን ኤፒኤን አይተሽ እሱኑ ጻፊባት።

ከሠራች ደግ ነው፤ ግን ዋና ሲምሽን አትክተቺባት። የባንክና የቴሌብር ኮድ የሚገባው በዚያ ሲም ነው፤ ዋይፋይ ውስጥ ከገባ መልእክቱን ለማንበብ በየጊዜው ብሮውዘር መክፈት ነው። ተቆልፋ ከሆነ ደግሞ የሚከፍቱ ልጆች አሉ። የሚጠይቁሽ ብር ከአዲሷ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ተያት። አብሯት የመጣችውን ገመድ ግን ለማንም አትስጪ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ገመድ ብዙው ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ዳታ አያሳልፍም። የእሷ ገመድ ስልክሽ ላይ ከገጠመ ዩኤስቢ ቴተሪንጉን ዛሬ ማታ በእሱ ሞክሪው።